የማይዋሽ መብራት

በሽመና አዳራሽ ውስጥ ጆሮ ሥራ የለውም። በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩት ማሽኖች ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲመቱ ድምፁ ከ90 ዴሲቤል ያልፋል። ሠራተኞቹ የጆሮ መከላከያ ያደርጋሉ፤ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ሁለት ሰዎች እንኳ የሚግባቡት በእጅ ምልክት ነው። እዚያ ውስጥ «ተጠንቀቅ!» ብሎ የሚጮህ ሰው ድምፁ ለራሱም አይሰማውም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ወደ ዓይን ይዞራል። ብዙ ማሽን የያዘች ሸማኔ በመተላለፊያው ስትመላለስ ክር በክር እየተከተለች አትመለከትም፤ በየማሽኑ አናት ላይ ያለውን መብራት በጨረፍታ እየቃኘች ታልፋለች። ማጉ ሲበጠስ አንድ ቀለም፣ ድሩ ሲበጠስ ሌላ ቀለም ይበራል። ከአዳራሹ ጫፍ ሆና የትኛው ማሽን እንደቆመና ለምን እንደቆመ ታውቃለች።

ለማስጠንቀቂያ መብራት ክብር መስጠት የተማርኩት ከእነዚህ ሸማኔዎች ነው። በየጥገና ክፍሉ ግን መብራት መግጠም ለተለማማጅ የሚሰጥ ሥራ ነው። ሁለት ሽቦ፣ 24 ቮልት፣ ሦስት ብሎን፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ከፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሥራዎች ሁሉ ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው ይኸው ነው ባይ ነኝ። ሞተር በትክክል ካልተገናኘ አይዞርም፤ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። መብራት ግን በስህተት ተገናኝቶም ይበራል፣ ይጠፋል፤ ለዓመታት ደህና መስሎ ይኖራል። ስህተቱ የሚታወቀው አንድ ሰው አምኖት እጁን ወደ ማሽኑ ያስገባ ቀን ነው።

መብራት በራሱ ማንንም አያድንም። የሚያድነው ሠራተኛው ሲያምነው ነው፤ ሠራተኛው የሚያምነውም ዋሽቶት የማያውቅ ከሆነ ነው። የእኛ ሙያ ያንን እምነት መገንባትና መጠበቅ ነው፤ አምፖሉ፣ ሽቦውና ቀለሙ ሁሉ ለዚያ የተሰለፉ ናቸው።

ነገሩን በአንድ ማሽን ላይ ላሳይ። የእንስሳት መኖ የሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች ሀመር ሚል የሚሉት መፍጫ አላቸው። በከባድ ዘንግ ላይ የተንጠለጠሉ የብረት መዶሻዎች በፍጥነት እየተሽከረከሩ በቆሎውን ይሰባብሩታል። ወንፊቱ ሲደፈን ወይም መዶሻው ሲያልቅ በሩ ተከፍቶ ሰው እጁን ማስገባት አለበት። በሩ አጠገብ ቀይ መብራት አለ፤ ሲበራ ማሽኑ እየሠራ ነው፣ ሲጠፋ ቆሟል ማለት ነው ተብሎ ለሠራተኛው ተነግሮታል። አሁን የፓነሉን በር እንክፈትና የመብራቱን ሽቦ እንከተል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይህ ነው፦ ማሽኑን ከሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ከፒኤልሲው፣ የሚወጣው ትእዛዝ ሞተሩን ከኤሌክትሪክ ጋር ወደሚያገናኘው ኮንታክተር ኮይል ይሄዳል፤ ከዚያው ከኮይሉ ተርሚናል ላይ አጭር ሽቦ ተጎትቶ ወደ መብራቱ ተወስዷል። ለገጣሚው ይቀለዋል፣ ሽቦ ይቆጥባል፤ ሲሞከርም ያለ ምንም እንከን ይበራል፣ ይጠፋል።

ያ መብራት ግን ስለ መፍጫው የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው ኮይሉ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ብቻ ነው። ኮንታክተር በተደጋጋሚ ሲገባና ሲወጣ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኙት ነጥቦቹ ይቃጠላሉ፤ አንዳንዴም ቀልጠው እርስ በርስ ይበየዳሉ። ያኔ «ስቶፕ» ሲጫን ኮይሉ ይለቃል፣ መብራቱም ይጠፋል፤ ሞተሩ ግን በተበየዱት ነጥቦች በኩል እየተመገበ መዞሩን ይቀጥላል። ነጥቦቹ ደህና በሆኑበት ቀን እንኳ ሌላ አደጋ አለ። ያ ከባድ ዘንግ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠበት በኋላ በያዘው ጉልበት ለደቂቃዎች ይሽከረከራል። መብራቱ «ቆሟል» ብሎ በጠፋበት ቅጽበት መዶሻዎቹ ገና ሙሉ ፍጥነታቸው ላይ ናቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሠራተኛው ማወቅ የሚፈልገው ስለ ዘንጉ ከሆነ መልሱ ከዘንጉ ይምጣ። ዘንጉ ጫፍ ላይ የፍጥነት ሴንሰር ተገጥሞ፣ መብራቱ የሚጠፋው ሴንሰሩ መዞር መቆሙን ሲያረጋግጥ ብቻ ይሁን። ለዚያ በጀት የለም ከተባለ፣ ሽቦው ከዋናዎቹ ነጥቦች ጋር በአካል ተያይዞ ከሚንቀሳቀስ ረዳት ነጥብ ላይ ይነሳ፤ ዘንጉ ረግቶ እስኪቆም የሚፈጀው ጊዜ ተለክቶም በታይመር ይጨመርበት። በሩም ያ ጊዜ ሳያልፍ የማይከፈት ቁልፍ ይኑረው። የዚህ ሁሉ ወጪ ከአንድ ሰው ጣቶች ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ትእዛዝን እንደ ተፈጸመ ሥራ አድርጎ የሚያሳይ መብራት ትልቅ ጥፋት ያደረሰበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ ግፊት ሲበዛ የሚከፈት አንድ ቫልቭ ከተከፈተ በኋላ መልሶ ሳይዘጋ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ የነበረው የቫልቩ መብራት ግን ጠፍቶ ነበር። መብራቱ የተያያዘው ቫልቩን ከሚያንቀሳቅሰው ኮይል ጋር ስለነበር የሚያሳየው «ዝጋ» የሚለው ምልክት መተላለፉን ነው፤ ቫልቩ ራሱ የት እንዳለ አያሳይም። ኦፕሬተሮቹ መብራቱ ስለጠፋ ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። የማቀዝቀዣው ውሃ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲፈስ ቆይቶ የሪአክተሩ ልብ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። አደጋው ሲጀምር በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ከ100 በላይ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ተደራርበው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ብልጭታ መካከል የትኛው ዋና፣ የትኛው ተከታይ እንደሆነ ለመለየት ለማንም የሚቻል አልነበረም። ኦፕሬተሮቹ ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ናቸው። ሰሌዳው የነገራቸውን አመኑ፤ ሰሌዳው ግን እውነቱን አልያዘም ነበር።

ወደ ቀለም ልምጣ። በማሽን ላይ የሚተከሉ መብራቶች ቀለም በዘፈቀደ አይመረጥም። አይኢሲ 60204-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ቀይን ለአደገኛና አፋጣኝ እርምጃ ለሚሻ ሁኔታ፣ ቢጫን ላልተለመደ ወይም ወደ አደጋ ሊያመራ ለሚችል ሁኔታ፣ አረንጓዴን ለደህና ሥራ፣ ሰማያዊን ኦፕሬተሩ የግድ አንድ ነገር ማድረግ ላለበት ጊዜ፣ ነጭን ለሌላው መረጃ ይመድባል። ንባቡ ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው ከአንድ በር ወደ ሌላው ስንሻገር ነው። በብዙ የሰብስቴሽን ክፍሎች ውስጥ ቀይ መብራት ማለት ብሬከሩ ገብቷል፣ መስመሩ ኤሌክትሪክ አለው ማለት ነው፤ አረንጓዴ ማለት ደግሞ ወጥቷል ማለት ነው። ከዚያው ክፍል ወጥተው ምርት አዳራሽ ሲገቡ አረንጓዴ ማለት ማሽኑ በደህና እየሠራ ነው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አለው። በአንድ ግቢ ውስጥ አረንጓዴ በአንድ በኩል «የለውም»፣ በሌላ በኩል «አለው» ይላል። የኤሌክትሪክ ሰው ይህን በልምድ ይለየዋል። ፓነል ክፍሉን ሊያጸዳ የገባ ሠራተኛ ግን በምን ያውቃል? በበሩ ላይ የእያንዳንዱን ቀለም ትርጉም በሠራተኛው ቋንቋ ጽፎ መለጠፍ ግዴታ ነው፤ በሚመለከተኝ ቦታ ሁሉ ሳይለጠፍ ሥራውን አልረከብም።

ቋንቋን ካነሳሁ አይቀር፣ ማሽኖቻችን ከቻይና፣ ከጣሊያን፣ ከቱርክ፣ ከጀርመን ይመጣሉ፤ ጽሑፋቸውም እንደዚያው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመሰለ ቦታ አጠገብ ለአጠገብ የሚሠሩት ወጣቶች አንዷ በሲዳምኛ፣ ሌላዋ በወላይትኛ፣ ሦስተኛዋ በአማርኛ አፏን የፈታች ልትሆን ትችላለች። መብራት ፊደል ስለሌለው ለሁሉም እኩል ነው፤ ትልቁ ጥቅሙም ይህ ነው። ግን ፊደል የለውም ማለት ትምህርት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። የማይነገር ቀለም እያንዳንዱ ሰው እንደመሰለው ይተረጉመዋል።

ከቀለም በፊትም ዓይን ራሱ መታወቅ አለበት። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ፤ ችግሩ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ብዙዎቹም ችግሩ እንዳለባቸው አያውቁም። በማሽን ላይ የምልክት መብራቶች ምሰሶ ሲተከል ቀዩ በተለምዶ ከላይ፣ ቢጫው ከመሐል፣ አረንጓዴው ከታች የሚሆነው ለዚህም ጭምር ነው፤ ቀለሙ ያልለየለት ሰው በቦታው ይለየዋል። ስለዚህ አንድ አምፖል ብቻ ተክሎ ቀለሙን እየቀያየረ እንዲያሳይ የሚያደርግ ርካሽ መብራት ሲቀርብልኝ አልወደውም። የዓይናችን ዳር ደግሞ ቀለም ለመለየት ደካማ ነው፤ እንቅስቃሴና ብልጭታ ግን ቶሎ ይይዛል። ሥራው ላይ ያቀረቀረ ሰው በጎኑ በኩል የሚበራን ቀይ ላያስተውለው ይችላል፤ ብልጭ ድርግም የሚለውን ግን ያያል። ብልጭታውም ልክ አለው። በሰከንድ ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ ከሆነ በቂ ነው፤ ከዚያ እየፈጠነ ሲሄድ የሚጥል በሽታ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ሕመሙን ሊያስነሳ ይችላል። የሚሽከረከር ዘንግ አጠገብ የተተከለ ፈጣን ብልጭታ ከዘንጉ ፍጥነት ጋር ሲገጣጠም ዘንጉን የቆመ ሊያስመስለው ስለሚችል ሌላ ጣጣም ያመጣል።

መብራቱ የሚተከልበት ቦታ የሰው ዓይን በተፈጥሮው የሚሄድበት መሆን አለበት። በዚህ በኩል በፎርክሊፍት ላይ የሚገጠመውን ሰማያዊ መብራት አደንቃለሁ። ተሽከርካሪው ላይ እንዲታይ የተሠራ አይደለም፤ ከፊቱ ወይም ከኋላው ጥቂት ሜትሮች ርቆ ወለሉ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ይጥላል። በመደርደሪያዎች መካከል ያለ ሰው ፎርክሊፍቱ ከማዕዘኑ ሳይወጣ በፊት ነጥቡ እግሩ ሥር ሲደርስ ያያል። በመጋዘን የሚሠራ ሰው ካርቶን ተሸክሞ የሚያየው ወለሉን ነውና ማስጠንቀቂያው እሱ ወዳለበት መጣለት ማለት ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግቢ ውስጥ ግን ነጥቡ ይደበዝዛል፤ እዚያ በእሱ መተማመን አይገባም።

እምነትን ከሁሉ በላይ የሚሸረሽረው ሁልጊዜ የሚበራ ቢጫ ነው። በየፋብሪካው አንድ አይጠፋም። የሆነ ሴንሰር ከተበላሸ ቆይቷል፣ መለዋወጫው አልመጣም፣ ምርት መቆም የለበትም፤ ስለዚህ ቢጫው ሌት ተቀን ብልጭ ድርግም ይላል። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ደንግጣ ስትጠይቅ ነባሯ «ተይው እቴ፣ ሁሌም እንዲህ ነው» ትላታለች። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የአዳራሹ መብራቶች ሁሉ ዋጋቸው ይወርዳል። ልጅቱ የተማረችው ያንን ቢጫ ብቻ መናቅ አይደለም፤ መብራት ችላ ሊባል እንደሚችል ነው። ነገ ከእሱ አጠገብ እውነተኛው ቢጫ ሲበራም እንደዚያው ታልፈዋለች። የቢጫ ትርጉሙ እኮ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ዘይቱ እየሞቀ ነው፣ ግፊቱ እየወረደ ነው፣ አሁን ብትመጡ በአምስት ደቂቃ ያልቃል ይላል። ሰሚ ካላገኘ ቀዩ ይከተላል። ስለዚህ የእኔ አቋም ጥብቅ ነው፦ ሊጠገን ያልቻለ ማስጠንቀቂያ ቀን ተቆርጦለት፣ ኃላፊ ፈርሞበት፣ በምትኩ በቦታው የሚቆም ሰው ወይም ሌላ መከላከያ ተመድቦለት ይጠፋ፤ እስኪጠገን ድረስም በየሺፍቱ ርክክብ ላይ ይነሳ። ማንም የማይሰማው ሆኖ ከሚበራ ይሻላል።

ጃፓኖች ችግር ሲገጥም ቆሞ ማሳወቅን ከሽመና አንስተው እስከ መኪና ፋብሪካ አድርሰውታል። ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጣው የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆም ነበር። ይኸው ሐሳብ በኋላ በቶዮታ የመኪና መገጣጠሚያ አንዶን የተባለውን ሥርዓት ወለደ፤ ሠራተኛው ችግር ሲያይ ገመድ ይስባል፣ ከላይ ባለው ሰሌዳ ላይ የእሱ ቦታ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ይሮጣል፣ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በእኛም አገር ካይዘን በተባለው የሥራ ማሻሻያ ሥልጠና አማካይነት ሐሳቡ በብዙ ፋብሪካዎች ይታወቃል። ሰሌዳውን መስቀል ቀላል ነው። ከባዱ፣ ገመዱን የሳበው ሠራተኛ «ምርት አስቆምክ» ተብሎ አለመቆጣቱ ነው። መብራት ያበራ ሰው የሚሰደብበት ፋብሪካ ውስጥ ማንም አያበራም፤ ሰሌዳውም ሁሉ ሰላም መስሎ ጨለማ ሆኖ ይውላል።

ጨለማ ሆኖ የሚውል መብራት ምንም አይናገርም፤ ሰው ግን «ሰላም ነው» ያለው ይመስለዋል። አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል፣ ሽቦው ተበጥሶ ይሆናል፣ ወይም ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ይሆናል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር የመጨረሻው በተለይ ይከብዳል። ኃይል ሲቋረጥ ሁሉም ምልክት ይጠፋል፤ የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ግን ሰውን ሊገድል የሚችል ቮልቴጅ ለደቂቃዎች ይዘው ይቆያሉ፤ የተንጠለጠለ ጭነት እንደተንጠለጠለ ነው፤ የታመቀ አየርም በቧንቧው ውስጥ አለ። ጀነሬተሩ ሲነሳ ወይም መስመሩ ሲመለስ ደግሞ በአግባቡ ያልተሠራ ማሽን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ፣ በመፍጫው በርም ቢሆን፣ «ግባ» የሚለው ምልክት በመብራት መጥፋት ብቻ መነገር የለበትም፤ በመብራት መብራት ነው መነገር ያለበት። የደህንነት አረንጓዴው ከበራ ይገባል፤ ካልበራ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ አይገባም። ያኔ አምፖሉ ቢቃጠል የሚጎዳው ምርት ነው እንጂ ሰው አይደለም። ረዥም ኮንቬየር ላይ ደግሞ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሳይረንና የሚሽከረከር መብራት ለተወሰኑ ሰከንዶች መቅደም አለባቸው፤ የሰከንዶቹ ቁጥር የሚወሰነው ከቀበቶው ሥር ያለ ሰው ወጥቶ ለመቆም በሚፈጅበት ጊዜ ልክ ነው። አንድ ሰው በእግሩ ተራምዶ፣ ተጎንብሶ ወጥቶ ሳይለካ ቢሮ ተቀምጦ የተጻፈ ቁጥር አልቀበልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ጽዳት ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ አቧራው፣ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ብናኙ ሽፋኑን ቀስ በቀስ ያለብሰዋል፤ ቀዩ ቡናማ፣ ቡናማው ጥቁር ይሆናል። የኤልኢዲ መብራት ንዝረትን ከድሮው ክር አምፖል በተሻለ ይችላል፤ አቧራን ግን ሁለቱም አያሸንፉም። ከጥገና ፕሮግራሙ ላይ «መብራት መወልወል» የሚል መስመር የሌለው ፋብሪካ መብራት እንዳለው አልቆጥርም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። መብራት የመጨረሻው መከላከያ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። አደጋውን ከሥሩ ማስወገድ የሚቻል ከሆነ ያ ይቀድማል፤ ካልተቻለ በብረት ሽፋን መከለል፣ በር ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም ስዊች መግጠም ነው። የሚሽከረከር ጊር ሳይሸፈን ትቶ ከላዩ ቀይ መብራት መስቀል ኃላፊነትን ከፋብሪካው ትከሻ አንስቶ ሠራተኛው ዓይን ላይ መጫን ነው። የደከመ፣ የሌሊት ሺፍት የገባ፣ ልጁ የታመመበት ሰው አንዳንዴ አያይም። ሽፋኑ ግን አይደክምም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድና ስለ ሥራው አደገኛነት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ሠራተኛውም የደህንነት መሣሪያዎችን እንዳይነቅልና እንዳያበላሽ ይከለክላል። ሁለቱም ግዴታዎች መሬት ላይ የሚገናኙት በዚያች ትንሽ መብራት ነው፤ አሠሪው እውነት እንድትናገር ያደርጋታል፣ ሠራተኛው ዝም እንዳያሰኛት ይጠብቃታል።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ነገ ሺፍት ስትረከቡ ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊት የመብራት መፈተሻውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ያልበራውን በዚያው ሰዓት ቀይሩ። ከዚያም በመብራቱ ሥር የምትሠራውን ሠራተኛ «ይሄ ሲበራ ምን ማለት ነው? ምንስ ታደርጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ አጠገቧ ያለውንም ለብቻው ጠይቁት። ሁለቱ የተለያየ መልስ ከሰጧችሁ ማሽኑን አታስነሱ።